ድንቿ ስንቴ ወጣች፣ ስንቴ ወረደች

«አሥራ ሰባት!» አለ ገመቹ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ እየሰካ።

የበድሪያ ዓይን የመስታወቱ ገንዳ ውስጥ ባለችው የድንች ቁራጭ ላይ ነበር። ገንዳው ባሕር አይተው የማያውቁ የናዝሬት ተማሪዎች የሠሩት ባሕር ነው፤ ከሥር በቀይ ሥር የቀላ ጨዋማ ውሃ፣ ከላይ ንጹሕ ውሃ። ድንቿ በንጹሑ ሰጥማ ጨዋማው ላይ ትንሳፈፋለች፤ መሃል ቀርታለች። ከአሮጌ ሸክላ ማጫወቻ የወጣ ሞተር ገንዳው ጫፍ ላይ ያለችውን ጣውላ ሲገፋ ላዩ ጭጭ ይላል፣ ውስጡ ግን ይናወጣል። በጎማ ቱቦ የሚገባው ውሃ ደግሞ ሁሉንም እየገፋ ይወስዳል።

የመምህር ሐዲስ ጥያቄ አንድ ነው፦ ውሃው ራሱ በግማሽ ደቂቃ ስንቴ ይወዛወዛል? ሁለቱም አባላቱ ሦስት ሦስቴ ቆጥረው በመስማማት ማዕበሉን ከሚገፋው ጅረት የለየ ቡድን ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን አዲስ አበባ ይሄዳል።

«አሥራ አንድ ነው» አለች በድሪያ።

«ሂጂ ወዲያ! መስታወቱ ላይ ምልክት አድርጌ፣ ዓይኔን ተክዬ ነው የቆጠርኩት።»

«ጥፋትህ እሱ ነዋ! ቆመህ በፊትህ ያለፈውን ሁሉ ቆጠርክ። ጋሪ ላይ ያለ ሰው ስንቴ እንደነጠረ ለማወቅ መንገድ ዳር ትገተራለህ? አብረህ ትሮጣለህ እንጂ። እኔ ከድንቿ ጋር ሄድኩ።»

ገመቹ ሊስቅ ብሎ ለኤግዚቢሽኑ አዘጋጅቶ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ካርቶን አየ። «17» ከቆጠራው በፊት በግምት በቀይ ቀለም ተጽፎ ደርቋል። መልሱን አስቀድሞ ያስጌጠ ሰው ውሃ አይታየውም።

«አታካብጂ በናትሽ! ሁለታችንም ሦስት ሦስቴ ቆጠርን፣ ተስማማን እንላለን። እናቴ እኮ ለጉዞው ጫማ ገዝታልኛለች።»

በድሪያም ከሞጆ አልፋ አታውቅም።

መምህር ሐዲስ ገቡ። «ሁለታችሁም ቆጠራችሁ?»

«ሦስት ሦስቴ፣ ቲቸር» ብሎ ገመቹ ቀደመ፤ በክርኑም ጎሸማት።

መምህሩ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንድ አንዴ ነው» አለች በድሪያ። «እሱ አሥራ ሰባት አለ፣ እኔ አሥራ አንድ።»

«እንግዲያው ይሄ ካርቶን አይሄድም። ነገ ማለዳ ሌላው ቡድን ይሳፈራል።»

ገመቹ ደብተሩን መንጭቆ ወጣ፤ በሩንም አልዘጋም። በድሪያ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ ጎማውን አስተካክላ ሞተሩን አስነሳች።

«ሰዓትዎን ያውሱኝ፣ ቲቸር» አለች። «ሁለት ጊዜ ይቀረኛል።»