የግምዶር ጋቢዎች

በጎርማዳ መንግሥት ክረምት ማለት ዝናብ አይደለም፤ በረዶ ነው። በዚያ ዓመት ግን ክረምቱ ገባና በረዶው ቀረ። ሕዝቡም ደስ አለው።

ደስታው አያስወቅስም። ማገዶው ተረፈ፤ ከብቱ ከበረት ወጥቶ ደረቅ ሣር ነጨ። ብርድ ሲመጣ ጉልበታቸውን የሚቆረጥማቸው ሽማግሌዎች አደባባይ ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ ሙቀቱን ያመጣው የእነሱ ምርቃት እንደሆነ ለሰማቸው ሁሉ አወሩ። አንድ ማለዳ ሰማዩ ጥቂት አመዳይ ቢያራግፍም፣ ከወንፊት እንደ ተረፈ ዱቄት ጣራውን ነካ አድርጎ ከረፋድ በፊት ጠፋ። የሸማኔው የቀጸላ ልጅ ሐመልማም ከሌላው አልተለየችም። ጣቶቿ ሳይደነዝዙ ከማለዳ እስከ ማታ ስትሸምን ዋለች፤ እንዲህ ያለ ክረምት በየዓመቱ ቢመጣ ብላም ተመኘች። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ገደሉ ጉሮሮ ይባላል። ጎርማዳ ዙሪያዋን በተራራ የታጠረች አገር ናት፤ ከቆላው ጋር የሚያገናኛት በር ያ ጠባብ ሸለቆ ብቻ ነው። በየክረምቱ በረዶ ስለሚዘጋው፣ ሠራዊቱ አዝመራ ሲገባ ጦሩን ሰቅሎ እስከ ፀደይ ድረስ በየሩቅ መንደሩ ይበተናል። ከበረዶ የተሻለ ዘበኛ ከወዴት ይገኛል? አይተኛም፣ አይከዳም። በዚያ ዓመት ግን ዘበኛው ከሥራው ቀረ፤ ይህን ለመስማት የቆላው ንጉሥ ድልጋዝ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ቀያይ ሰንደቆቹን አሰልፎ መጥቶ ከጉሮሮ ማዶ ሰፈረ።

ንግሥት ዘምባባ ጉባኤ ጠራች። የቤተ መንግሥቱ ትንቢት ጠባቂ እሜት ብሩዋ ከዙፋኑ ፊት ቆመው፣ ሁሉም በልጅነቱ የሰማውንና ማንም ልብ ያላለውን ቃል አሰሙ፦

«ነጩ የቀረ ዕለት ቀዩ ይመጣል፤
ያለበሰ ይገፈፋል፣ የለበሰ ይራቆታል።»

«ቀዩ መጥቷል» አለች ንግሥቲቱ። «የምንገፈፈውና የምንራቆተው እኛ ነን ማለት ነው። ምክንያቱም አይጠፋኝም። ግምዶር ተቀይሞናል።»

ግምዶር በራሰ ነጭ ተራራ ጫፍ የሚኖር ፍጡር ነው። ቁመናው ኮረብታ ያህላል፤ ቀንዱ የጎሽ ነው፤ በገላው ላይ ግን አንዲት ጠጉር የለችም። የጥንት አባቶች ራቁቱን ሲንቀጠቀጥ አገኙትና አዘኑለት፤ አለበሱት። ከዚያ ወዲህ የቀጸላ ቤት ሸማኔዎች በየዓመቱ አዳራሽ የሚያለብስ ጋቢ ሠርተው፣ ገንዶ በሚባሉት ጠጉራም የጭነት እንስሶች ጭነው ይወጣሉ፤ እርሱ ተኝቶ ሳለ ከአምናው ላይ ደርበው አንገቱ ሥር ይቋጥሩና ዞር ብለው ሳያዩ ይወርዳሉ። በረዶው የጋቢው ምላሽ ነው ተብሎ ይታመናል።

«የዘንድሮው ጋቢ አንሶበታል» አለች ንግሥት ዘምባባ። «እንግዲህ ሌላ ይደረብለት። አያቶቼ የነገሡበትን የወርቅ ጥልፍ ካባ ሰጥቻለሁ። ጎርማዳ ለባለውለታዋ ንፉግ ናት አይባልም።»

ጉባኤው በሙሉ «ይሁን!» አለ። ቀጸላ ግን አንገቱን ደፋ። ከዚያም ወደ ፊት ወጥቶ መሬት ሳመ።

«ንግሥት ሆይ፣ ጥፋቱ የእጄ ከሆነ ካሣውም የእኔ ነው። ሠራዊቱ እስኪሰበሰብ ድረስ ጉሮሮን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ከተገኘው ሰው ጋር እወርዳለሁ። ከበሩ አንድ ጋት ፈቀቅ ብል በረዶ አያልብሰኝ!»

በጎርማዳ ከዚህ የበለጠ መሐላ የለም። በዚያ አገር ሬሳ አፈር ከመቅመሱ በፊት በረዶ ይነሰነስበታል፤ በረዶ ያልለበሰ ሰው እንደ ሰው አልተቀበረም። ካባውን ወደ ተራራው የማድረስ ነገር በሐመልማ ላይ ወደቀ፤ ከአባቷ ሌላ የቤታቸውን ቋጠሮ የምታውቅ እርሷ ብቻ ነበረች።

ሲለያዩ ቀጸላ የልጁን የጋቢ ጫፍ በጣቶቹ መካከል ይዞ ፈተነው፤ የሸማኔ ልማድ ነው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት። «አምና አልብሼው ስወርድ ዞር ብዬ አየሁት።»

«አባዬ! እንዴት?»

«እንቅልፉ ውስጥ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። አንጀቴን በላው። ዘንድሮ ድርብ አድርጌ የሠራሁት ለዚያ ነው። እንዲህ ያለ ጋቢ በእጄ ወጥቶ አያውቅም። አነሰኝ ማለቱ ግርም ይለኛል።»

«ሳይመለከተው ቀርቶ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለ ቀጸላ። ግንባሯን ሳማትና ሄደ።

ሐመልማን የሸኟት እሜት ብሩዋና ሻለል የሚባል ጦረኛ ናቸው። ሻለል በእውነት ጀግና ነበር፤ ችግሩ ይህን ከእርሱ በላይ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ዳገት በጨረሰ ቁጥር ይፎክራል፣ ምንጭ ባገኘ ቁጥር ይፎክራል። እሜት ብሩዋ በመጨረሻ «የእኔ ልጅ፣ ለጠላትም ጥቂት አስተርፍለት እንጂ» አሉት።

ጠላቱ ብዙ አላስጠበቀም። በራሰ ነጭ ወገብ ላይ አንድ ሐይቅ አለ፤ በክረምት እንደ ዐለት ስለሚጠነክር ገንዶዎቹ ጭነት ይዘው ይሻገሩታል። ከሥሩ ድብሎ የሚባል አውሬ ይኖራል፤ ገላው የእባብ፣ መንጋጋው የአዞ ነው። ግግሩ ሲወፍር ከታች ሆኖ ከማንኳኳት ሌላ አቅም የለውም፤ መንገደኛውም ማንኳኳቱን ለምዶ ይስቅበታል። ያን ዕለት ግን ግግሩ ሳስቶ ነበር። ካባውን የተሸከመው ገንዶ መካከል ሲደርስ ሐይቁ ተሰነጠቀ፤ ድብሎ ወጣና እንስሳውን ከነነፍሱ ወሰደው። ሻለል ለካባው ዘለለ። ካባውን ያዘ፤ ድብሎም የሻለልን ክንድ ያዘ።

ሐመልማ በደረቷ ተኝታ የካባውን ሌላ ጫፍ ጨበጠች። የወርቅ ጥልፉ መዳፏን እየቆረጣት ሳበች፤ ሻለል በቀረው እጁ ጦሩን በአውሬው ዐይን ላይ ሰካ። ከውኃው ሲወጣ ግራ ክንዱ አልነበረም። ካባውም ከመካከሉ ተተርትሮ ግማሹ ከድብሎ ጋር ሰጥሞ ቀረ። አልፎከረም። እሜት ብሩዋ መቀነታቸውን ፈትተው ቁስሉን እያሰሩ «እኔ ከእርሱ ጋር እቆያለሁ። አንቺ ሂጂ» አሏት።

«ካባው የለ፤ ምን ይዤ?»

«እጅሽን ይዘሽ።»

ጫፉ ላይ ብቻዋን ደረሰች። ስትቃረብ ነፋሱ መሞቅ ጀመረ፤ ግምዶር የተኛበት ዋሻ ሥር በረዶው ሟሙቶ ለምለም ሣር በቅሏል። ፍጡሩ ነቅቶ ነበር። ጋቢ በጋቢ ተደርቦ ራሱ ብቻ ብቅ ብሏል፤ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል፤ ፊቱ ላይ ጠግቦ ያደረ ሰው እርካታ ይታያል። ሐመልማ በግንባሯ ተደፋች።

«አያ ግምዶር፣ ይማሩን። ንግሥታችን ካባ ልካልዎት ነበር፤ ሐይቁ በላብን። የዘንድሮው ጋቢ አንሶዎት ከሆነ ሌላ እንሠራለን።»

«ሌላ?» ድምፁ ከመሬት ሥር የወጣ ይመስላል። «ኧረ በቃኝ፣ ልጄ! የዘንድሮውን ማን ነው የሠራው?»

«አባቴ ነው።»

«እጁ ይባረክ። ከተፈጠርኩ ጀምሮ ሳልንቀጠቀጥ የተኛሁት ዘንድሮ ነው።»

ሐመልማ ቀና አለች። «ካልተቀየሙን፣ በረዶውን ስለ ምን ከለከሉን?»

«አልከለከልኩም። በረዶው ከእኔ ቆዳ የሚረግፍ ነው፤ ስንቀጠቀጥ ይረግፋል፣ ነፋስ ይወስደዋል። ከሞቀኝ ምን ልንቀጠቀጥ? አባቶችሽ አይተው አዘኑልኝ። ደጎች ናቸው። አንዳቸውም ግን ጠይቀውኝ አያውቁም።»

ሐመልማ ስለ ጉሮሮ ነገረችው። መንገር እንኳ አላስፈለጋትም፤ ከዚያ ከፍታ ሁሉም ይታያል። ቀዩ ሰልፍ ወደ ሸለቆው መግባት ጀምሯል፤ በሩ ላይ የቀጸላ ሰዎች ያነደዱት ጭስ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«የአባትሽን የዘንድሮ ጋቢ ብቻ ብትፈቺው» አለ ግምዶር፣ «ቀስ ብሎ ይበርደኛል፤ በረዶውም ቀስ ብሎ ይወርዳል። መውጣት የፈለገ ይወጣል። ቀያዮቹም ከመዘጋቱ በፊት ይገባሉ። ሁሉንም ብትፈቺ የክረምቱ በረዶ ዛሬ በአንድ ቀን ይወርዳል። ያኔ ከጉሮሮ የሚወጣ የለም።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«ቢኖር ደስ ባለኝ።»

«ይፈቅዱልኛል?»

«ብርድን አውቀዋለሁ፤ ዘመኔን ሙሉ ኖሬበታለሁ። አንቺ ነሽ የምታጪውን ገና ያላወቅሽው።»

ሐመልማ ፈራች። አባቷን ከሰው ሁሉ አብልጣ ትወድ ነበር፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ድሩንም ማጉንም ያስተማራት እርሱ ነው። ሌላ ሰው መጥቶ ቢወስንላት ተመኘች፤ ማንም አልመጣም። ከዚያ መሐላውን አሰበች። ብትዘገይለትም እርሱ ከዚያ በር እንደማይነቃነቅ ለራሷ ነገረች። ይህ እውነት ይሁን ማጽናኛ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ አልለየላትም።

ወደ ግምዶር አንገት ወጣች። የላይኛው ቋጠሮ የአባቷ ነበር፤ ሁልጊዜ በመጨረሻ ወደ ግራ አንዴ ያዞረዋል። ወደ ቀኝ መለሰችው፤ ተፈታ። ነፋሱ ሊወስደው ሲል ግምዶር በጥፍሩ ያዘው።

«ይህን እኔ አደርሰዋለሁ» አለ። «ቀጥይ።»

የቀሩትን የአባቷን ፈታች። የአያቷን ፈታች። የቅድመ አያቷን ፈታች። ከዚያ በታች ያሉትን እጆች አታውቃቸውም፤ አንዱ አጥብቆ የሚቋጥር፣ ሌላው ችኩል፤ ቋጠሮው ግን ያው የቤታቸው ቋጠሮ ነው። ጋቢዎቹ አንድ በአንድ ተነሥተው በሸለቆዎቹ ላይ በረሩ። በመንደሮቹ ያሉ ሰዎች ነጭ ነገር ከሰማይ ሲወርድ አይተው «በረዶ!» እያሉ ወጡ፤ የወረደላቸው የአባቶቻቸው ጨርቅ ነበር። ከኋላው ግን እውነተኛው መጣ። የግምዶር ገላ መርገፍገፍ ጀመረ፤ ተራራውም አብሮት ተንቀጠቀጠ፤ ሰማዩ ነጣ።

ከሁሉ በታች አንዲት ትንሽ ጋቢ ቀረች። ከአንድ ሰው ትከሻ አታልፍም። ግምዶርን መጀመሪያ ያገኘው ሰው ያን ዕለት የለበሳትን አውልቆ የጣለለት ነበረች።

«ይህችን ተዪልኝ» አለ ግምዶር፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «አታሞቀኝም። እንዲሁ ተዪልኝ።»

ሐመልማ ተወችለት። ወደ ጉሮሮ ስትመለከት ጭሱ አይታይም ነበር።

የድልጋዝ ሠራዊት ግማሹ በሸለቆው በረዶ ሥር ቀረ፤ የተረፈው ሰንደቁን ጥሎ ወደ ቆላው ተመለሰ። በቤተ መንግሥቱ ታላቅ ግብር ተበላ። ሻለል በአንድ እጁ ጋሻ ይዞ ፎከረ፤ የራሱን ስም ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣም፤ የቀጸላን ብቻ ጠራ። የሚያውቁት ሰዎች ተያዩ።

በፀደይ ጉሮሮ ተከፈተ። ቀጸላና ባልንጀሮቹ በሩ ላይ ተደጋግፈው ተቀምጠው ተገኙ። ከበረዶው ሥር፣ ሁሉንም በአንድነት የሸፈነ ወፍራም ድርብ ጋቢ ነበረ። ከሞት አላዳናቸውም፤ ጋቢም ለዚያ አይሠራም። ሐመልማ ጫፉን በጣቶቿ መካከል ይዛ ፈተነችው። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

በመኸር ንግሥት ዘምባባ አዋጅ አስነገረች፤ ለግምዶር ውለታ ከአምናው የሚበልጥ ጋቢ እንዲሠራለት። ጎርማዳ እንዲህ ናት። ሐመልማ ዙፋኑ ፊት ቆመች።

«ንግሥት ሆይ፣ አልሠራም።»

«ባዶ እጅሽን ልትወጪ ነው?»

«አዎን። አብሬው ልቀመጥ።»

ወጣችም። የራሷን ጋቢ ከዋሻው ውጭ አውልቃ ድንጋይ ላይ አኖረችና ከግምዶር ጎን ተቀመጠች። ፍጡሩ አንድ ዐይኑን ገለጠ፤ ትንሿ ጋቢ አንገቱ ላይ ነበረች።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«ምንም።»

ግምዶር የገለጠውን ዐይኑን ወደ ባዶ እጆቿ መለሰ።

«በረደኝ» አለ በመጨረሻ።

«እኔንም» አለች ሐመልማ፤ ወደ እርሱ ጠጋ ብላም ተቀመጠች። ከታች በመንደሩ የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ መውረድ ጀመረ።