አሥራ አንደኛው ሰከንድ

እመኑኝ ብዬ አልለምንም። እኔ ራሴ ባላምነው ደስ ባለኝ። ግን ሆኗል... ያውም በጠራራ ፀሐይ።

2006 ዓ.ም.፣ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም። አርብ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል።

እትዬ ሃጂራ ከጨርቅ ሱቃቸው ጀርባ ጌም ቤት ነበራቸው። ምንጣፍ ስለተነጠፈበት ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ እኔና ዐብዱልከሪም በድብድብ ጌም ልንገጥም ነው። የተሸነፈ ሁለተኛ ያን ቤት አይረግጥም። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

የዐብዱልከሪም ሰውዬ ከመምታቱ በፊት ሁለቴ ቁጢጥ ብድግ ይላል። ለንቀት ነው። ከዚያ የሚሰነዝራትን ምት መክቶ የሚያውቅ የለም።

እኔ ሶላቱን ትቼ ልለማመድ አሰብኩ።

"ቆልፈውብኝ ይሂዱ" አልኳቸው እትዬ ሃጂራን።

"ጁምዓን ለአሻንጉሊት? ሸጋ። ከነአሻንጉሊትህ ተቀመጥ፣ ናስር።"

ቁልፉ ከውጭ... ቀጭ።

ጌሙ መቅጃ አለው። በሁለተኛው ጆይስቲክ የነካካኸውን አሥር ሰከንድ ይይዝና ተጋጣሚህን እንደዚያው ያስጫውተዋል። ነገር ግን እጅህ የማያውቀውን እሱም አያውቅም። ብትሸሽ አይከተልህም፤ ቆመህበት የነበረውን አየር ይደበድባል። መብራት ከሄደ ደግሞ የያዘውን ሁሉ ይረሳል።

የዐብዱልከሪምን ምት እንደምንም ቀዳሁና አጫወትኩት። መከትኩ። ደግሜ መከትኩ። በገዛ እጄ የቀዳሁትን መመከት ምን ያቅታል።

አንዴ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ተከተለኝ።

ስቀዳ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

መብራት ሄደ... ተመለሰ።

መቅጃውን ከፈትኩት። ባዶ ነው። ተጋጣሚዬ እጁን አንጠልጥሎ ቆሟል።

አንድ... ሁለት... አሥር ሰከንድ ቆጠርኩ።

በአሥራ አንደኛው ሁለቴ ቁጢጥ ብድግ አለ።

ቁጢጥ ብድጉን ጭራሽ አልቀዳሁትም።

ሁለተኛውን ጆይስቲክ አየሁት። ምንጣፉ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ቁልፎቹ ግን... ጠቅ... ጠቅ... ይሰምጣሉ።

በሩን ገፋሁት። የቆለፉብኝ በጥያቄዬ ነው።

ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ሲከፈት እትዬ ሃጂራ ደፉ ላይ ቆመዋል። ዐብዱልከሪም ጫማውን አውልቆ ገባ።

"ምነው ገረጣህ? ሳንጀምር ተሸነፍህ እንዴ?"

"ጆይስቲኩን አትንካው" አልኩ በሹክሹክታ።

"እሺ፣ ምሁሩ። ሳልነካም አሸንፍሃለሁ።"

ተቀምጦ አነሳው... ወዲያው ለቀቀው።

"ማነው ለሶላት ውዱእ አድርጎ በእርጥብ እጁ የነካው? ውሃ በውሃ ነው።"

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ጨዋታው ግን ጀምሯል።

ሁለቴ ቁጢጥ። ብድግ።

"ዐብዱ... ተው።"

"አልነካሁም" አለ። ድምፁ ቀጥኗል። ሁለቱም እጆቹ ጭኑ ላይ ናቸው።

የእኔ ሰውዬ ወደቀ።

"ማን አሸነፈ?" አሉ እትዬ ሃጂራ ከደፉ።

ተጋፍተን ወጣን። ሁለታችንም ያን ቤት እስከ ዛሬ ረግጠን አናውቅም።

ባዶ እግራችንን መሆናችን የታወቀን መንገዱ ላይ ነው። ዞረን አየን።

ከበሩ ውስጥ የእኔ ጫማ ነበር። የዐብዱልከሪምም ነበር።

በመካከላቸው ቅድም ያልነበረ አንድ ሸበጥ... ውሃ ያንጠባጥባል፤ ጫፉ ወደ እኛ ዞሯል።