አንገቷን የደፋችው ጫጩት

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች። ጆሮ ያለው ይስማ፣ ክንፍ ያለው ይሰብስብ፤ የአንዲት ጫጩት ታሪክ ልነግራችሁ ነው።

ጫጩቷ ሽሮ ትባላለች። አዎ፣ ዶሮ ሆና ስሟ ሽሮ።

ስሙን ያወጣችላት ትርንጎ ናት። ላባዋ ቁርጥ ሽሮ ዱቄት ስለሚመስል ነው።

ትርንጎ ትንሽ ልጅ ናት። የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ኪሷ ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ ብስኩት አይጠፋም።

በእነትርንጎ ጓሮ እናት ዶሮ ከጫጩቶቿ ጋር ትውላለች። አፈር ጫር ጫር፣ ትል ለቀም ለቀም፣ ጎመን ነጨት ነጨት ያደርጋሉ።

«ጭው! ጭው! ጭው!» ይላሉ ጫጩቶቹ።

ሽሮ ግን አፈር አትጭርም። ምን በወጣት፣ እሷ ከትርንጎ እጅ ብስኩት ትበላለች።

ጠዋት ብስኩት። ቀን ብስኩት። ማታም ብስኩት።

«አንቺ የእኔ ነሽ፤ ትል አትበዪም» ትላታለች ትርንጎ።

አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤታቸው ጋሽ ዘርጋው ከዘራቸውን መሬት ላይ እያንኳኩ መጡ። ኳ! ኳ! ኳ!

«ትርንጎ፣ ለጋሽ ዘርጋው ሰላም በይ እንጂ» አለች እናቷ።

ትርንጎ ሰላም ማለት ታፍራለች። ሮጣ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተሸጎጠች።

ሽሮ ግን ጋሽ ዘርጋው ፊት ቆመች። አንገቷን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገች።

«እዩልኝማ» አሉ ጋሽ ዘርጋው። «እንደ ጨዋ ልጅ አንገቷን ደፍታ እጅ ነሳችኝ። እደጊ፣ ተመንደጊ።»

እናት ሳቀች። «አንቺም ከጫጩትሽ ተማሪ» አለቻት ትርንጎን።

ወተት የሚያመጡት እትዬ ወለላ መጡ። ሽሮ ለእሳቸውም አንገቷን ደፋች።

«ምን ያለች ጨዋ ናት» አሉ እትዬ ወለላ። ትርንጎ በጫጩቷ ኮራች።

ከዚያ አንዲት ድመት መጣች። ሽሮ ለድመቷም አንገቷን ደፋች።

ይሄኔ ትርንጎ ግር አላት። ለድመት ማን እጅ ይነሳል? ጫጩት ድመት ስታይ እግሬ አውጪኝ ነው የምትለው።

ትርንጎ ድመቷን «ሂጂ!» ብላ አባረረቻት። ከዚያ ሽሮን ቁጭ ብላ ታያት ጀመር።

ዶሮ ውሃ ስትጠጣ አይታችኋል? ጎንበስ ትልና ትጨልፋለች፤ ቀና ትልና ትውጣለች። ትልልቅ ሰዎች «ፈጣሪዋን እያመሰገነች ነው» ይላሉ።

እናት ዶሮ ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች። ጫጩቶቹም ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ።

ሽሮ ጎንበስ አለች። እንዳጎነበሰች ቀረች።

እንደገና ሞከረች፤ ቀና ማለት አቃታት። ውሃው ሳይዋጥ ከአፏ ተመልሶ ፈሰሰ።

«እማዬ» አለች ትርንጎ፣ «ሽሮ እጅ እየነሳች አይደለም። አንገቷ እምቢ ብሏት ነው።»

እናት ጎንበስ ብላ አየች። ሳቋ ጠፋ። «እውነትሽን ነው ልጄ። ውሃ ካልዋጠች ደግሞ ትሞትብናለች።»

 የትርንጎ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

እናት ካርቶን አመጣች፤ ለስላሳ ጨርቅ አነጠፈችበት። ሽሮን ይዘው ወደ እንስሳት ሐኪም ቤት ሄዱ።

እዚያ ከፊታቸው አንድ አህያ ተራ እየጠበቀ ነበር። ትርንጎም ካርቶኑን አቅፋ ከአህያው ኋላ ተሰለፈች።

ሐኪሟ ዶክተር ስንዱ ይባላሉ። ሽሮን በመዳፋቸው ይዘው አንገቷን ቀስ ብለው ዳሰሱ፤ ዐይኗንም፣ አፏንም አዩ።

«ከላይ ወድቃ ታውቃለች?» ብለው ጠየቁ።

«አታውቅም» አለች ትርንጎ።

«እህቶቿስ አሟቸዋል?»

«አላመማቸውም።»

«ታዲያ ሽሮ ምንድን ነው የምትበላው?»

ትርንጎ ይሄንንማ በደንብ ታውቃለች። «ብስኩት» አለች።

«ሌላስ?»

«ብስኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ...» አለች ትርንጎ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከዚያም ብስኩት።»

ዶክተር ስንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ብስኩት ሆድ ይሞላል እንጂ አንገት አያቆምም። እህቶቿ ሁሉንም ይለቃቅማሉ፤ እሷ ግን ቪታሚን ጎድሏት አንገቷ ደከመ።»

«እኔ ነኝ ያሳመምኳት?» አለች ትርንጎ። «ስለምወዳት እኮ ነው የሰጠኋት።»

«አውቃለሁ የኔ እናት። ስለምትወጃት ነው ሁሉም ሲያመሰግናት አንቺ መታመሟን ያየሽላት። አሁንም አንቺው ታስታምሚያታለሽ።»

ዶክተር ስንዱ ትንሽ የቪታሚን ጠርሙስ ሰጧት። «ጭንቅላቷን በጣትሽ ደገፍ አድርጊና በምንቃሯ ጎን አንዲት ጠብታ ጠብ አድርጊላት። እስክትውጥ ጠብቂ። ከቸኮልሽ ትን ይላታል።»

ቤት ሲደርሱ እናት ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ በጨርቅ ጠቀለለችና ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠችው። ሽሮ ተጠግታው ሞቃት።

ዶክተሯ እንዳዘዙት ለምግቧ ጎመን ደቆ ተከተፈ። የተቀቀለ እንቁላልም ተፈረፈረላት።

ዶሮ እንቁላል ትበላለች ወይ? ዶክተር ካዘዙማ ትበላለች።

አሁን መድኃኒት ነው። ትርንጎ የሽሮን ጭንቅላት በጣቷ ደገፍ አደረገች።

ጠብ! አለ መድኃኒቱ። ዋጥ! አደረገች ሽሮ። ትርንጎ ጣቷን ስትለቅ ግን አንገቷ ተመልሶ ደፋ አለ።

ጠብ! ዋጥ! ደፋ።

ውሃም በጠብታ አጠጣቻት። ጠብ! ዋጥ! ደፋ።

መሸ። ጠብ! ዋጥ! ደፋ።

ነጋ። ጠብ! ዋጥ! ደፋ።

«እማዬ፣ መድኃኒቱ አይሠራም» አለች ትርንጎ። 

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለች እናቷ።

«ሽሮ እግርማ አላት» አለች ትርንጎ። «የቸገራት አንገት ነው።»

ሽሮ የትርንጎን ኪስ እያየች «ጭው! ጭው!» አለች። ብስኩቱ ሸቷታል።

ትርንጎ ብስኩቱን አወጣች። ሽሮን አየች፣ ብስኩቱን አየች፣ ሽሮን አየች።

ከዚያ ብስኩቱን ራሷ ዋጥ አደረገችው። ሽሮ ተቀየመቻት፤ ቢሆንም ጎመኗን በላች።

ነጋ፣ መሸ። መሸ፣ ነጋ። ትርንጎ መድኃኒቱን አንድም ቀን አልረሳችም።

አንድ ጠዋት ትርንጎ እንደ ልማዷ ካርቶኑ አጠገብ ተንበረከከች። ጠብ! ዋጥ!

ጣቷን ቀስ ብላ ለቀቀች። የሽሮ አንገት ተንቀጠቀጠ፣ ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ።

ደፋ ግን አላለም።

ጠብ! ዋጥ! ቀና።

«እማዬ፣ ነይ እይ» አለች ትርንጎ በሹክሹክታ። ጮክ ብትል የሽሮ አንገት ተመልሶ የሚወድቅ መስሏት ነው።

ሽሮ ወደ ጓሮዋ ተመለሰች። አፈር ጫር ጫር፣ ትል ለቀም ለቀም፣ ጎመን ነጨት ነጨት አደረገች።

ከዚያ ወደ ውሃው ሄደች። ጎንበስ አለች፣ ጨለፈች፣ ቀና ብላ ሰማዩን አየች።

ትርንጎ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። እናቷን አቀፈቻት፤ ቀጥላ ዛፉንም አቀፈችው።

ኳ! ኳ! ኳ! ጋሽ ዘርጋው መጡ።

ሽሮ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ዐይን ዐይናቸውን አየቻቸው።

«ምነው ሽሮ፣ ዛሬ እጅ መንሳቱ ቀረ?» አሉ ጋሽ ዘርጋው። «ጨዋነቱ የት ገባ?»

ትርንጎ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ብቅ አለች። «ጋሽ ዘርጋው፣ ያን ጊዜ አሟት ነበር እኮ። አሁን ድናለች።»

ጋሽ ዘርጋው ከዘራቸውን ተደግፈው ሽሮን ጎንበስ ብለው አዩዋት። «አሟት ኖሯል» አሉ። «እኔ ደግሞ ቆሜ እመርቃታለሁ።»

ሲያዝኑ ትርንጎ አየቻቸው። ቀስ ብላ ወደፊት ወጣች።

አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ «እንደምን አደሩ ጋሽ ዘርጋው» አለች። «ይሄ የእኔም የሽሮም ሰላምታ ነው።»

ጋሽ ዘርጋው እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ። «እደጊ፣ ተመንደጊ» አሏት።

«ሽሮስ?» አለች ትርንጎ።

«ሽሮም ትደግ፣ ትመንደግ። አንገቷን ቀና አድርጋ።»

መሸ። ሽሮ እናቷ ክንፍ ስር ገባች። ከዚያ አንገቷን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገች።

«እማዬ፣ አንገቷ» አለች ትርንጎ ደንግጣ።

«አይዞሽ ልጄ» አለች እናቷ። «አሁን እንቅልፏ መጥቶ ነው።»

ትርንጎም አልጋዋ ውስጥ ገባች። እሷም ጭንቅላቷን ትራሱ ላይ ደፋ አደረገች።

ጓሮው ዝም አለ። ሽሮ ተኛች፣ ትርንጎ ተኛች፣ ይሄ ተረትም ደክሞት ተኛ። በሉ እናንተም ዐይናችሁን ክደኑ፤ ነገ ሁላችንም ቀና ብለን እንነሳለን።