የክፍሉ ኮት

መምህር ዑቕባዝጊ ወሎ ሰፈር ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ፣ ከአራተኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛው በሚወርደው ደረጃ ግርጌ ሞተው ተገኙ። ያገኘቻቸው ተማሪያቸው አርያም ናት። ሬሳ ያገኘ ሰው መጀመሪያ ይጠረጠራልና ልጅቷን ወዲያው መኪና ውስጥ አስቀመጧት።

ኢንስፔክተር ዘርፌ ስትደርስ የአካባቢው ፖሊሶች ነገሩን ጨርሰውት ነበር ማለት ይቻላል። አርያም በቀደም ከመምህሩ ጋር ተጨቃጭቃለች። እሷ ሽያጭ እፈልጋለሁ ብትል፣ እሳቸው የአንቺ እንጀራ ሒሳብ ላይ ነው ብለው ድርቅ አሉ፤ ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል። የሟቹ ስልክም እጇ ላይ ተገኝቷል። አምቡላንስ ልጠራበት ነው ብትልም ቃሏ አልዋጥ ብሏቸዋል። እስከ ማታ ሌላ ነገር ካልተገኘ ነገ በነፍስ ግድያ ተጠርጥራ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ዘርፌ በመስኮቱ አየቻትና አንጀቷን በላቻት፤ አንጀት ግን ማስረጃ አይሆንም።

ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች። ሟቹ የወደቁት በጀርባቸው ነው። ሁለት የሸሚዛቸው ቁልፎች ተበጥሰው እላይ ቀርተዋል። አንድ ሰው ደረታቸውን ጨምድዶ ገፍትሯቸዋል።

አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ክፍል የልምምድ ቢሮ ትባላለች። የሁለት ዓመት ቢዝነስ ተማሪዎች አንዱ ሥራ አስኪያጅ፣ አንዱ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዱ ሻጭ እየሆኑ የሌለ ድርጅት የሚያስተዳድሩባት ክፍል ናት። ዘርፌም በወጣትነቷ ይህንኑ ተምራለች፤ ቤተሰቡ ባንክ ትገባለች ብሎ ሲጠብቅ ፖሊስ ጣቢያ ገባች። ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል።

ኮቱ የማን እንደሆነ ዓወትን ጠየቀችው። ዓወት ረጅምና ዝምተኛ የክፍሉ ተማሪ ነው። የሁላችንም ነው አላት። ወንዶቹ አዋጥተው የገዙት ነው፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የተጠራ ይለብሰዋል፣ እንደጨረሰም ቤቱ ሳይገባ አምጥቶ ይሰቅለዋል። ተረኛ ሳያገኘው ቀርቶ አያውቅም። ዘርፌ እጅጌውን ገልበጥ አድርጋ አየች።

ቀጥሎ ሌላው የክፍሉ ተማሪ ቃልአብ ሳሊተ ምሕረት ካለው ቤቱ ተጠርቶ መጣ። አጭር፣ አንደበቱ የተፈታ ልጅ ነው፤ የመምህሩን ስም ሲሰማ አለቀሰ። እንደሚለው ጠዋት ከቤቱ በቀጥታ ኤርፖርት አካባቢ ወዳለ የጭነት ድርጅት ለሒሳብ ሥራ ቃለ መጠይቅ ሄዷል፤ ከዚያም በቀጥታ ቤቱ ገብቷል። ኮሌጁን ዛሬ አልረገጠም፣ ከክፍሉ ልጆችም ማንንም አላገኘም። ዘርፌ አመሰገነችውና ወደ ጭነት ድርጅቱ ደወለች።

የድርጅቱ የቅጥር ኃላፊ ወይዘሮ ማዕዛ ሲደርሱ ዘርፌ አርያምን ከመኪናው አስወርዳ ሁሉንም በልምምድ ቢሮዋ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«አርያም፣ ጠዋት በሩን ስትከፍቺ ኮቱ ነበር?»

«አልነበረም። ኮፒ ላስደርግ ወረድኩ፤ ስመለስ ጋሼን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው።»

ትናንት ማታ ማን ይዞት እንደሄደ ዓወትን ጠየቀችው። ዓወት መሬት መሬት እያየ የቃልአብን ስም ጠራ።

«ወይዘሮ ማዕዛ፣ ይህ ልጅ ዛሬ ምን ለብሶ መጣ?»

«ይህንኑ ኮት። ስንጨባበጥ እጅጌው ውስጥ የነበረ መርፌ ቁልፍ ወጋኝ።»

ዘርፌ ኮቱን አውርዳ እጅጌውን ገለበጠች። ለአጭር ሰው ወደ ውስጥ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«እንግዲህ ኮቱ ጠዋት እዚህ አልነበረም» አለች። «ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ነበር። ፖሊስ ሲመጣ ደግሞ ሚስማሩ ላይ ነበር። በእግሩ አልመጣም። ቃልአብ ለማንም አልሰጠውም፤ ማንንም አላገኘሁም ያለኝ ራሱ ነው። ኮቱን የመለሰው እሱ ነው፤ የመለሰውም መምህሩ በሞቱበት ሰዓት ነው። እዚህ አልመጣሁም ብሎ የዋሸኝም ለዚህ ነው።»

ከዚያ ወደ ቃልአብ ዞረች።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ከገፈተርካቸው በኋላ ለምን አልሮጥክም? ኮቱን ለመስቀል ለምን ገባህ?»

«ዓወት ከሰዓት ቃለ መጠይቅ አለው» አለ ቃልአብ።

ከዚያ ሳይጠየቅ ተናገረ። «ደረጃው ጫፍ ላይ አገኘኋቸው። ‹ድርጅቱ ስለ አንተ ጠይቆኝ ለሒሳብ አይሆንም ብያለሁ› አሉኝ። ሁለት ዓመት ለፍቼ! ሌላም ሊሉኝ ነበር፣ አላስጨረስኳቸውም። ስወርድ ተራምጄአቸው ነው ያለፍኩት።»

ወይዘሮ ማዕዛ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ጨመቅ አደረጉ።

«የቀረውን እኔ ልንገርህ፣ ልጄ። ‹ለሒሳብ አይሆንም፤ ለሽያጭ ግን እንደሱ ያለ አላስተማርኩም፤ እዚያ አስገቡልኝ› ነው ያሉኝ። ለምነውኝ ነው። እሺ ብዬአቸው ነበር፤ ሰኞ ትጀምር ነበር።»

ቃልአብ «ሰኞ?» አለ። ዘርፌ አርያምን ወደ ቤቷ መሄድ እንደምትችል ነገረቻት፤ ልጅቷ ግን ከወንበሯ ሳትነሳ መምህሯን ማልቀስ ጀመረች።