በላይኛው መንገድ

«ዛሬ በላይኛው መንገድ እንሂድ» አለ አባቷ፣ ጫማውን እያጠለቀ።

ጭራሮ ታጣፊውን በርጩማ ብብቷ ስር ሸጎጠች። ይህን ቅጽል ስም ያወጣላት አባቷ ነው፤ «ስለቀጠንኩ ነው» ትላለች። «ዳገት ነው እኮ አባዬ! ደግሞ ትምህርት ቤት የሚለቀቅበት ሰዓት እየደረሰ ነው፤ ተማሪዎቹ ይጋፉሃል።»

አባቷ ጎንበስ ሲል ትንፋሽ ስለሚያጥረው የጫማውን ክር እሷ አሰረችለት።

ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ዕድሜ ልኩን የሳበው የድንጋይ ብናኝ ሳንባውን ጎድቶታል፤ ሐኪሙም በሽታው እንደማይድን፣ እንክብካቤ ብቻ እንደሚያስፈልገው እንቅጩን ነግሯቸዋል። ቤት ድረስ እየመጣች የምታየው ነርስ አተነፋፈስ አስተምራዋለች፤ በአፍንጫ መሳብ፣ ከዚያ እንደሚያፏጭ ሰው ከንፈርን አሹሎ ቀስ ብሎ ማውጣት። በየቀኑ እንዲራመድም አዝዛዋለች። እየተራመደ ማውራት ግን ክልክል ነው። ሲደክመው በርጩማው ይዘረጋለታል፤ ያኔ የታፈነ ወሬውን ሁሉ ይለቀዋል።

ትናንት ነርሷ የኦክስጅን መለኪያዋን ጣቱ ላይ ሰክታ ብዙ ቆየች። በሚቀጥለው ሳምንት የኦክስጅን ማሽን እንደሚገባለት፣ ቀኑን ሙሉም ከማሽኑ እንደማይለይ ነገረችው።

«ቱቦው እስከ የት ይደርሳል?» አላት።

«እስከ በሩ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየው።

ጭራሮ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ዛሬም ከትምህርት ቤት ቀርታ አብራው ዋለች። ያም ሆኖ ሲወጡ በታችኛው መንገድ መራችው። የፈራችው ዳገቱን አልነበረም። ለጓደኛዋ ለሬዲዮ «አባቴ ሩቅ ቦታ ነው የሚሠራው» ብላታለች። ሬዲዮ ደግሞ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም፤ እሷ የሰማችውን ክፍሉ በሙሉ ሳይሰማው አይውልም።

ጫማ ቤቱ ጋ ሲደርሱ አባቷ እጁን አነሳ። በርጩማውን ዘረጋችለት።

«የትምህርት ቤታችሁን አጥር ከጠረቡት አንዱ እኔ ነኝ» አለ ትንፋሹ ሲመለስለት።

«ሺህ ጊዜ ነግረኸኛል!»

«ይሄን ግን አልነገርኩሽም። እያንዳንዳችን ድንጋዩ ጥግ ላይ ምልክት ነበረን። የኔ ሦስት ነጥብ ነው። አንቺ መወለድሽን የሰማሁት መሮ እንደያዝኩ ነው። ከነጥቦቹ አጠገብ አንዲት ቀጭን መስመር ጨመርኩ። አለቃችን ‹ይሄ ደግሞ የምን ጭራሮ ነው!› ብሎ ጮኸብኝ።» ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። «ከበሩ በስተቀኝ ነው። አንድ ቀን አሳያታለሁ ስል...»

«ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ?»

«እዚያ አካባቢ መታየቴን አትወጂም» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «አልተቀየምኩም የኔ እናት። ልጅነት ነው።»

ጭራሮ እንደዚያን ሰዓት ራሷን ጠልታ አታውቅም። ብድግ ሲል በርጩማውን አጠፈችና ክንዱን ያዘች።

«ወዴት ነው?»

«ላይ። ዝም በል፤ እየተራመዱ አይወራም።»

ዳገቱ ላይ ደጋግሞ ተቀመጠ። ከንፈሩ ጠቆረ፤ እንመለስ ስትለው ግን ራሱን ነቀነቀ። የትምህርት ቤቱ በር ጋ ሲደርሱ ደወሉ ተደወለ። ጭራሮ ተንበርክካ የአጥሩን ግርጌ አፈር በእጇ ጠረገች። ሦስት ነጥብ፣ አንዲት መስመር። በየዕረፍቱ ከሬዲዮ ጋር የሚደገፉበት ቦታ ነበር።

«አንቺ! ዛሬ ለምን ቀረሽ?» ሬዲዮ ቦርሳዋን እያንጠለጠለች መጣች። «እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?»

አባቷ የማያውቃት ሰው መስሎ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ‹ጎረቤታችን› የሚለው ቃል ጭራሮ አፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አባቴ ነው» አለች። «ሩቅ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። አሁን ትንፋሹን እየሰበሰበ ስለሆነ አታናግሪው። ቁጭ ሲል ጠይቂው፤ ወሬ ይወዳል።»

በርጩማውን ከድንጋዩ አጠገብ ዘረጋችለት።