ከሩቅ ለእናት

ወላሂ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። ፈጠራ ነው የሚል ካለ ቃሊቲ ድረስ ይምጣና ይጠይቀኝ። ሐጀራ ነኝ፤ ከከባድ መኪና ማቆሚያው ጀርባ ያለችው ሱቅ የእኔ ናት።

ቀኑ እሑድ ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል።

ጨለማ አልነበረም... የሰው ፊት ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።

ታሪኩ የጎረቤቴ የአቻምየለሽ ነው። ያላየሁትን እሷ ነግራኛለች። መጨረሻውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

አቻምየለሽ አንድ ወንድም ነበራት፤ ዘአማኑኤል። ዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ነበር የሚሠራው። ባሕር ላይ ስልክ ስለማይሠራለት ለእናቱ በየሳምንቱ ኢሜይል ይልካል። እናትየው እትዬ አሰጋሽ ፊደል አልቆጠሩም፤ እሑድ እሑድ አቻምየለሽ ታነብላቸዋለች።

ከሦስት ወር በፊት ዘአማኑኤል ከመርከቡ ወድቆ ባሕር ገባ። አስከሬኑም አልተገኘም።

አቻምየለሽ የሰማችው በስልክ ነው፤ በሥራ ቦታዋ፣ መጋዘን ውስጥ እንደቆመች። መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቁጭ በይ ተብሎ ነው የሚነገረው። እሷን ደግፎ የያዛት ሰው አልነበረም። ስልኩን ዘጋች፣ የጀመረችውን ሥራ ጨረሰች፣ ወደ ቤቷ ሄደች።

አላለቀሰችም። ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ። እንባ እምቢ አላት።

እትዬ አሰጋሽ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። ሐኪሙ «ድንጋጤ ይገድላቸዋል» ብሏል። ስለዚህ ለእኔ ብቻ ነገረችኝና መርዶውን ደበቅነው።

ግን ኢሜይሉስ?...

ወንድሟን ሆና ልትጽፍ ሞከረች፤ እጇ አልታዘዝ አላት። ስልኳ ላይ ያለውን፣ እንደ ሰው እያወራ የሚመልሰውን ኤአይ ጠየቀችው። እሱም የተዘጋጁ ኢሜይሎች የሚሸጡበትን ገበያ ከፈተላት። ቴምፕሌት ይሏቸዋል፤ አንተ ስም ብቻ ትሞላለህ። ሥራ ለመልቀቅ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ፣ አከራይን ለመለመን... ወረድ ብሎ «ከሩቅ ለእናት» የሚል ክፍል አለ። አሥራ አንድ ኢሜይሎች። ኤአዩ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይመልስላታል።

የመጀመሪያውን ስታነብላቸው እኔም ነበርኩ።

«ውድ እናቴ ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት እንደሚያገኝዎት ተስፋ አደርጋለሁ...»

እትዬ አሰጋሽ «ይሄ ልጅ መርከብ ላይ ነው ወይስ ቀበሌ?» አሉ።

እኔ ሳቅሁ። አቻምየለሽ ቀጥላ አነበበች።

ዘአማኑኤል በሕይወቱ እናቱን አንቱ ብሎ አያውቅም። «አሴ» ነበር የሚላቸው። ኤአዩ እናት ሁሉ አንቱ ትባላለች ብሎ አስቦ ይሆናል፤ እሷም ደንዝዛ ነበርና እንዳለ አነበበችው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኛም ስንቅ አሥራ አንድ እሑድ ቆይቶ አለቀ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዲስ ልትፈልግ ገበያው ውስጥ ገባች።

አሥራ ሁለተኛ ኢሜይል ነበር።

የሻጭ ስም የለውም። ሌሎቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ ይሄኛው ሲጀመርም አማርኛ ነው። የሌሎቹ የስም ቦታ ክፍት ነው... የዚህኛው ተሞልቷል።

«አቹ፣ ቁጭ በይ። ደርቢ፣ ጠዋት ይበርዳል።»

ከዚያ በታች ባዶ ነው።

አቹ የሚላት ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ ዘአማኑኤል።

«አሥራ ሁለተኛውን ማን ጻፈው?» ስትል ኤአዩን ጠየቀችው።

«በዚህ ክፍል ያሉት አሥራ አንድ ናቸው» አላት።

እንደገና ቆጠረች። አሥራ ሁለት።

እኔ ብሆን ስልኩን አቃቂ ወንዝ እወረውረው ነበር። እሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ልብስ ልታጥብ ሄደች። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ነበረች፤ ዓይኗ ያያል፣ ልቧ ጋ ግን ምንም አይደርስም።

እሑድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። የሰፈራችን ዕድር ዳኛ አቶ ገብረጻድቅ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«ተነሺ ሐጀራ። እነ አሰጋሽ ቤት መርዶ አለ።»

ክው አልኩ። ማን አወራ? እኔ እንደሆንኩ ትንፍሽ አላልኩም።

ስንደርስ አቻምየለሽ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሁለት እጆቿን መቃኑ ላይ ዘርግታ ዘግታዋለች። ጎረቤቱ አንድ በአንድ ወደ ግቢው ይገባል... ኮቴ ሳያሰማ።

«አባባ፣ ይመለሱ» አለች በሹክሹክታ። «ልቧ አይችልም። ትሞትብኛለች።»

«ልጄ...»

«እለምንዎታለሁ።»

አቶ ገብረጻድቅ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«የጠሩን እናትሽ ናቸው።»

«ለምን?»

«አንቺን እንድናረዳሽ።»

ከውስጥ የእትዬ አሰጋሽ ድምፅ መጣ። የተረጋጋ ነው።

«አቹ፣ ቁጭ በይ። ደርቢ፣ ጠዋት ይበርዳል።»

እጆቿ ከመቃኑ ወረዱ።

እትዬ አሰጋሽ ጥቁር ለብሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸው እንኳ አልተቆራረጠም። አቻምየለሽን አጠገቤ አስቀመጥናት። ስልኳን አወጣችና አሥራ ሁለተኛውን ከፈተች።

ባዶ የነበረው ቦታ ላይ ቃል በቃል እየተጻፈ ነው።

«ከመርከቡ ወደቅሁ» አሉ እትዬ አሰጋሽ።

ስልኩም ያንኑ ጻፈ።

«ማንም አልገፋኝም። ብዙም አላመመኝም።»

ስልኩም።

«መጋዘን ውስጥ ብቻሽን ስትሰሚ አይቼሻለሁ። ስልኩን ዘግተሽ ካርቶን ስትቆጥሪ።»

ስለ ካርቶኑ ለእኔም ነግራኝ አታውቅም ነበር።

«እማዬ...» አለች። «ማን ነገረሽ?»

«እሱ ራሱ ነዋ። ያ አንቱ የሚለኝ ሰውዬ ልጄ እንዳልሆነማ የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት። ይሄ አሁን የሚያናግረኝ ግን አሴ አለኝ።»

ያኔ ነው አቻምየለሽ የጮኸችው። ሦስት ወር የታመቀው እንባ አንዴ ገነፈለ። «ወንድሜን... ወንድሜን...» እያለች ጭኔ ላይ ወደቀች። ፈራሁ። እንባዋ በመምጣቱ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ሁለቱም እውነት ነው።

እትዬ አሰጋሽ አላለቀሱም። አንገታቸውን ወደ ግድግዳው ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። በዚያ በኩል ማንም አልተቀመጠም።

እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱ።

«ቆይ ልጄ» አሉ ወደዚያው፣ በሹክሹክታ። «እህትህ ታልቅስ።»

ስልኩን አየሁ።

ጽሑፉ ቃሉን ሳይጨርስ ቆሟል... ይጠብቃል።