በሲሚንቶ የተደፈነው ቧንቧ

የሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ ከሰው ይልቅ ሣር የሚወድ ጡረተኛ ነው። በየማለዳው የጋራ ጉድጓዳችንን ንጹሕ ውሃ በጎማ ቱቦ ግቢው ላይ ያዘንባል። ተው ያለው የለም፤ ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለብን።

በበጋው መግቢያ ከፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ አንዲት ባለሙያ ማኅበራችን ስብሰባ ላይ መጣች። ከየቤታችን የሚወጣው ፍሳሽ ተጣርቶ ለሣርና ለአበባ በነፃ እንደሚመለስልን፣ ታክሞ የደረቀው ዝቃጭም ማዳበሪያ እንደሚሆን አስረዳች። የተጣራውን ውሃ የሚያመጣው ቧንቧ እስከ አጥራችን ደርሷል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙስ ውሃ አስቀመጠች። ሰብሳቢው አንዱን አነሳና ወዲያው አፍንጫውን በመሃረብ ያዘ።

«ኧረ ይሄ ነገር ይሸታል! አንሺልኝ ከፊቴ!»

«አባባ፣ እሱ እኮ ከጉድጓዳችሁ የተቀዳው ነው። የተጣራው ያኛው ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ኀፍረቱ እልህ ሆነበት። «ጨዋ ሰው ፍሳሽ ደጁ አያስገባም! ከእኔ ጋር የሆነ እጁን ያውጣ!» አለ። ሁሉም አወጣ። ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔም አወጣሁ። በዚያው ቀን የቧንቧውን አፍ በሲሚንቶ ደፈነው።

በሦስተኛው ወር ጉድጓዱ ደረቀ፤ ሌሊት የሚያጠራቅመውን ጥቂት ውሃ ሰብሳቢው ማለዳ ለሣሩ ይጨርሰው ስለነበር ፓምፑ አየር እየሳበ ይጮህ ጀመር። በዚያው ሳምንት አራተኛ ፎቅ የምትኖረው የሰብሳቢው ልጅ ወለደች። ከሌላ ሰፈር ለምኖ ያመጣትን አንዲት ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃውን እያለከለከ ሲወጣ አየሁት። አላዘንኩለትም።

«አባዬ፣ ይቺ ለመጠጥም አትበቃም፤ ልጄን በምን ልጠበው?» አለችው በሩ ላይ።

«ምን ላድርግ? ጉድጓዱ ከዳን።»

«ጉድጓዱ ምን አደረገ? የልጄን ውሃ ለሣር ያጠጣኸው አንተ ነህ።»

በማግስቱ መዶሻና መሮ ይዞ ወርዶ ሲሚንቶውን ራሱ ፈለጠው፤ በዚያ መሃረብ ላቡን ይጠርግ ነበር። እጃችንን ያወጣነው ሁሉ በየመስኮታችን ቆመን አየነው። ከዚያ ባለሙያዋን ጠርቶ፣ «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ» አላት። ሣሩ የተጣራውን ውሃ መጠጣት ሲጀምር ጉድጓዱ ትንፋሽ አገኘ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ፓምፑ ውሃ ሳበ።

ወገኖቼ፣ ፍሳሹ የራሳችን ነው፤ ታክሞ ሲመለስ አንጸየፈው። የሚጠጣውን ውሃ ለሚጠጣ እንተው። ንጽሕና አፍንጫ መያዝ ቢሆን ኖሮ እንደ እኛ ንጹሕ አይገኝም ነበር፤ አንድ አራስ ሕፃን ግን በእኛ ንጽሕና ሳይታጠብ ሰነበተ።